«የምኞት ዛፍ» የተባለው የአባቴ ማንጎ

ወንደሰን አሶሳ ውስጥ አስጎብኚ ነው፤ እኔ ባጃጅ ነጂ ነኝ። እንግዳ ሲመጣለት ይደውልልኛል። ከጎኔ ተጣብቦ ይቀመጥና ወደ ኋላ ዞሮ ያወራል፤ እኔ እነዳለሁ። ብዙ ስለማልናገር ይመቸዋል። «ዋሊድ አፍ የለውም» ይላቸዋል እንግዶቹን። እነሱም ይስቃሉ።

ሐሙስ ዕለት ከአዲስ አበባ የመጡ ባልና ሚስት ጫንን። ጌትነትና ልዕልት ይባላሉ። ጠዋት ቤተ ክርስቲያኑን አዩ። ቀጥለን አሮጌው መስጊድ ሄድን። ወንደሰን ግድግዳው በማር በተቦካ ጭቃ እንደተሠራ ነገራቸው። ባለፈው ሳምንት ለሌሎች ሲያወራ በወተት ነበር። አላረምኩትም። ግድግዳ አይከፋውም።

ከሰዓት በኋላ ከመስጊዱ ጀርባ ያለውን ትልቁን የአትክልት ቦታ ተቆልፎ አገኘነው። ጌትነት ፊቱን አጠቆረ።

«የአትክልት ቦታ ታያላችሁ ብለኸን አልነበር?»

«ከዚህ የበለጠ አለ» አለ ወንደሰን። በክርኑ ጎሰም አደረገኝ። «ግራ ታጠፍ፣ ዋሌ። አሁን ቀኝ።»

ያኔ ገባኝ። የሚወስደን ወደ እኛ ቤት ነው።

«ወንዴ፣ እኛ ቤት ምን አለ?» አልኩት በቀስታ።

«ጥላ አለ። ዝም ብለህ ንዳ።»

ጓሯችን ውስጥ ብዙ ማንጎ አለ፤ አንዱ ግን የተለየ ነው። አባቴ ከመሞቱ በፊት የተከለው የመጨረሻው ዛፍ ነው። ገና ዘንድሮ ማፍራቱ ነው፤ ፍሬው ትንሽ ሰፌድ እንኳን አይሞላም። በእኛ ቤት ወግ የዛፍ የመጀመሪያ ፍሬ አይቀመስም። አንድም ሳይቀር ተለቅሞ ዓርብ ለሰደቃ መስጊድ ይወሰዳል፤ ልጆች ይበሉታል፤ ሼሁ በተከለው ሰው ስም ዱዓ ያደርጋሉ። ሁለት ጊዜ የመጀመሪያ ፍሬ የሚሰጥ ዛፍ የለም። ስለዚህ እናቴ ማንም እንዳይነካው ግንዱ ላይ ነጭ ጨርቅ አስራ ነበር። በማግስቱ ሊለቀም ነበር። ይህን ሁሉ ለወንደሰን በራሴ አፍ ነግሬዋለሁ።

እናቴ ዐዋጢፍ በር ላይ ተቀበለችን። «መርሓባ፣ መርሓባ! እንግዳ መጣ!» ብላ ውሃ ልታመጣ ገባች። ባጃጁን አቁሜ ስመለስ ወንደሰን ጨርቁን በጣቱ እያሳየ ነበር።

«ይህ የምኞት ዛፍ ይባላል። ሰው ጨርቅ ያስርና ይመኛል፤ ከዚያ ፍሬውን ቆርጦ ይበላል። የተመኘው ይደርሳል።»

ልዕልት ከቦርሳዋ መሐረብ አውጥታ ቅርንጫፉ ላይ አሰረች፤ ዐይኗን ጨፈነች። ጌትነት ፎቶ አነሳት። ወንደሰን ቅርንጫፉን እየሳበ ይቆርጣል። «ይኼ ለእርስዎ፣ ይኼ ለእህቴ፣ ይኼ ደግሞ ለመንገድ!» ዛፉ ላይ ምንም አልቀረም። ጌትነት አንዱን ነከሰና «ክር ብቻ ነው» ብሎ ወረወረው።

እናቴ ውሃውን ይዛ ወጣች። ዛፉን አየች። ጆጉን መሬት ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ፈገግ አለች።

«ብዪ ልጄ፣ ብዪ» አለቻት ልዕልትን። «እንግዳ ናችሁ፤ ችግር የለም።»

ያቃጠለኝ ያ ፈገግታ ነው።

«አትብሉ!»

የእኔ ድምፅ መሆኑን ያወቅሁት ሁሉም ወደ እኔ ሲዞሩ ነው።

«ኧረ ዋሌ ተናገረ!» ብሎ ወንደሰን ሳቀ።

«የምኞት ዛፍ የሚባል እዚህ የለም። የሞተው አባቴ ዛፍ ነው። ጨርቁ አትንኩ ማለት ነው። ፍሬው ነገ በስሙ ሰደቃ ሊሆን ነበር። ይህ ሰውዬ ያውቃል፤ ነግሬዋለሁ!»

ልዕልት የያዘችውን ማንጎ የት እንደምታደርገው ጠፋት። «እውነት ነው?» አለችው።

«ማንጎ እኮ ነው! አሶሳ ውስጥ ማንጎ ጠፍቶ ነው?» አለ ወንደሰን። «ደስ እንዲላችሁ ብዬ እንጂ...» ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ደግሞ በእንግዳ ፊት እንዲህ ይባላል?»

«ግድግዳውን በማርም በወተትም አቡካው። አባቴን ግን የእንግዳ መጫወቻ አታደርገውም!»

«ተው ልጄ» አለች እናቴ በእኛ ቋንቋ። አልተውኩም። ወንደሰን እጅ ላይ የቀረውን ማንጎ ነጥቄ ለእሷ ሰጠኋት። እሱም ነክሶት ነበር።

እንግዶቹን ሆቴላቸው አደረስኳቸው። ልዕልት መንገዱን ሙሉ ይቅርታ ስትለኝ ነበር። ወንደሰንን ግን አልጫንኩትም። «በእግርህ ና» አልኩት።

ዓርብ ጠዋት ወንደሰንን የበሰለ ማንጎ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክሞ በራችን ላይ ቆሞ አገኘሁት። ልዘጋበት ስል እናቴ ቀድማኝ ተቀበለችው።

«የገበያ ማንጎ ነው እኮ!» አልኳት።

«ልጆቹ ይጠብቃሉ» አለች።

መስጊድ ስንደርስ ወንደሰን ተከትሎን መጥቶ የግቢው በር ላይ ቆመ። ልጆቹ ከረጢቱን ከበቡት። ሼሁ እናቴን «ዱዓው በባልሽ ስም ነው አይደል?» አሏት።

«አይደለም» አለች። «ይህን እሱ አልተከለውም። ያመጣው ወንደሰን ነው፤ በወንደሰን ስም ያድርጉለት።»

ሼሁ ወደ በሩ ዞር ብለው አዩት። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። ወንደሰን በሩ ላይ አንገቱን ደፋ። ሰው ሁሉ አሚን አለ፤ እናቴም አለች።

እኔ አላልኩም።