የሁለተኛው ሳጥን ጥይት

እሁድ ሽማግሌዎች ሊመጡ ነው ከተባለ ወዲህ አረጋሽ መንገድ መንገዱን ታያለች። ከሱሉልታ በቡራዩ ዞረው ሰበታ እስኪደርሱ መንገዱ ምን እንደሚገጥማቸው ያሳስባታል፤ ሳይመጡ ቢቀሩስ የሚለውም ያሳስባታል። የሚመጡት የልጅ ልጇን ናዝራዊትን ለጋብቻ ሊጠይቁ ነዋ። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደገቻት እሷ ናት። ልጅቷ ከልቧ ስትስቅ ማየት የጀመረችው ደግሞ ገመቺስ የሚባለውን ልጅ ካወቀች በኋላ ነው።

ሽማግሌዎቹ መጡ። እንደ ወጉ ደጃፉ ላይ ቆመው፣ የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። ከፊት የቆሙት ረዥም ሰው የገመቺስ አያት ናቸው። ቀጄላ እባላለሁ ሲሉ የአረጋሽ ባል ወንዳፍራሽ ከወንበሩ ብድግ አለ።

«የፀረ ታንኩ ቀጄላ?»

አረጋሽ ክው አለች። ስሙን ታውቀዋለች። ወንድሟ ፍቅረሥላሴ ኦጋዴን ላይ በፀረ ታንክ መድፍ ተመድቦ ሲሞት ወንዳፍራሽ የዚያው መድፍ ጥይት አጉራሽ ነበር፤ መርዶውንም ይዞ የመጣው እሱ ነው። ቀጄላ የሚባል አነጣጣሪ ታንኩን ሳተው፣ ታንኩ መልሶ ተኮሰ፣ ወንድምሽ ወደቀ። ያኔ የተነገራት ይኸው ነው።

ወንዳፍራሽ ፊቱ አመድ መስሎ፣ ለዚህ ሰው ዘር ልጅ አልሰጥም አለ። የጓዳው መጋረጃ ሲወዛወዝ አረጋሽ አየች፤ ናዝራዊት ሰምታለች ማለት ነው። ሁለተኛው ሽማግሌ ኦቦ ዳዲ ነገሩን ሊያበርዱ ብለው፣ ጦርነቱ ያለቀ ቢሆንም የእሳቸው የጉልበት ሕመም ገና ስላላለቀ፣ ጠቡ ቁጭ ተብሎ ቢሆን ምናለ አሉ። የሳቀ የለም።

«ኦቦ ቀጄላ» አለች አረጋሽ፤ «ያን ቀን በደንብ አልመው ነበር?»

«አዴ አረጋሽ፣ የማነጣጠሪያውን መስቀለኛ የታንኩ ሆድ ላይ ነው ያሳረፍኩት። የመጀመሪያው ጥይት ጎኑን ፋቀው። ሁለተኛው በላዩ አለፈ።»

ከዚያ ዝግ ብለው ተረኩላት። ከጦርነቱ በኋላ ማሠልጠኛ ተመድበው፣ መድፉን በአሸዋ ከረጢት ጠፍረው፣ ማነጣጠሪያውን ሳይነኩ ደጋግመው ይተኩሱ ነበር። ከአንድ ሳጥን የወጣ ጥይት እንኳ አንድ ቀዳዳ አይገባም፤ የበር ስፋት ያህል ይበታተናል። በሌላ ጊዜ የተሠራ ጥይት ሲደባለቅበት ደግሞ ባሩዱ እኩል ስለማይገፋ፣ አንዱ የዒላማውን ሸራ ሲመታ ሌላው በላዩ ያልፋል። ለካ ሳጥን ሲቀየር እንደ አዲስ ማስተካከል ያስፈልግ ኖሯል።

ወንዳፍራሽ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «ሁለተኛውን ሳጥን የከፈትኩት እኔ ነኝ» አለ።

«ክፈት ያልኩህ ደግሞ እኔ ነኝ» አሉ ቀጄላ። «የተጻፈበትን የፈረንጅ ፊደል ማናችን እናነብ ነበር? ጥይት ሁሉ አንድ መስሎን ነው።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን አነጣጣሪው ሳተ ስንል ምነው ዝም አልክ?»

ቀጄላ ባርኔጣቸውን በእጃቸው አዟዟሩት። «ብናገር አጉራሹ ላይ፣ አንተ ላይ፣ ሊላከክ ነው። የፍቅረሥላሴን እህት ልታገባ ነው ሲሉ ደግሞ ሰማሁ።»

ወንዳፍራሽ አንገቱን ደፋ። አረጋሽ የዚያን ጊዜውን አሰበች። ጥፋቱ የአጉራሹ ነው ተብሎ ቢሆን ኖሮ፣ ለወንዳፍራሽ በሯን ትከፍትለት ነበር? እንጃ። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

ባሏ፣ የሞተው ያንቺ ወንድም ነውና ቃሉም ያንቺ ይሁን አላት።

መጀመሪያ ቀን የመጣ ሽማግሌ ቀጠሮ ተሰጥቶት ነው የሚሸኘው። አረጋሽ ቀጠሮ አልሰጠችም። ወንበር ስባ ለኦቦ ቀጄላ አስጠጋችላቸው።

«ይቀመጡ። ሱሉልታ ብርዱ ይበረታል አሉ፤ ልጅቷን ደግሞ ጉንፋን ቶሎ ይይዛታል። የልጁ ቤት ነፋስ አያስገባም?»

ኦቦ ዳዲ ከሁሉ ቀድመው ቁጭ አሉ።

«ግድግዳውን ገመቺስ ራሱ ነው የለሰነው» አሉ ቀጄላ እየተቀመጡ። «የበሩን ሥር ግን ነገውኑ አስደፍነዋለሁ።»

አረጋሽ ስለ መስኮቱም ጠየቀች።