ውሃው የተዘጋ ቅዳሜ

ሰውየውን «አስታዋሹ» ብለን የሰየምነው እኔና እህቴ ነን። ስልክ በደወለ ቁጥር «ለማስታወስ ያህል ነው» ብሎ ስለሚጀምር ነው። ድምፁ ለስላሳ ነው፤ እህቴን «እህቴ» ይላታል፣ ጤናዋን ይጠይቃል፣ ሥራ እንዴት እንደሆነ ይጠይቃል። ከዚያ ያንኑ ነገር ይደግማል፦ በፀጉር ቤቱ ላይ ያልተከፈለ የውሃ ውዝፍ አለ፤ የውሃው ቢሮ ጠብቆ ጠብቆ ሰልችቶት ለእነሱ ድርጅት አስተላልፎታል፤ ድርጅቱ ደግሞ እንደ ቢሮው ታጋሽ አይደለም።

ውዝፉ ትንሽ ቢሆን ኖሮ እህቴ ተበድራም ቢሆን ከፍላ ትገላገለው ነበር። ሰውየው የሚጠራው ገንዘብ ግን የፀጉር ማድረቂያ ካስኮቹን፣ ወንበሮቹንና መስታወቶቹን ብንሸጥ እንኳ የማንደርስበት ነው። መክፈል ማለት ፀጉር ቤቱን መዝጋት ማለት ነበር። ፀጉር ቤቱ ደግሞ እሷን፣ እኔንና ሁለት ልጆቿን የሚያበላ ብቸኛ እንጀራችን ነው።

ግራ ያጋባን እህቴ የውሃ ሒሳብ አሳልፋ የማታውቅ ሴት መሆኗ ነው። ሱቁን ከተከራየችበት ጊዜ ጀምሮ የመጣላትን ሁሉ በወቅቱ ከፍላለች። ነገር ግን በግቢው በር አጠገብ ባለው የብረት ሳጥን ውስጥ ሁለት ቆጣሪዎች አሉ። እኛ የምንከፍለው በአንደኛው ነው፤ አስታዋሹ የሚጠይቀን በሌላኛው። በቢሮው መዝገብ «የፊት ለፊት ሱቅ» የተባለው እሱ ነው ይላል። ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ስንከፍል የኖርነው የማንን ነው ብዬ ስጠይቀው፣ የጓሮውን ቤት ሊሆን እንደሚችልና ያ ከአከራያችን ጋር የምንጨርሰው ጉዳይ እንደሆነ ነገረኝ።

አከራያችን በጓሮው ቤት ብቻቸውን የሚኖሩ ባልቴት ናቸው። እማማ እንላቸዋለን። ሄደን ስንጠይቃቸው፣ የእሳቸውን ውሃ ሟች ባለቤታቸው በባንክ በኩል በየወሩ እንዲቆረጥ አድርገው እንዳለፉ፣ ሌላው ቆጣሪ የሱቁ መሆኑን ነገሩን። ለአስታዋሹም ያሉት ይህንኑ ነው፤ ጣታቸውን ወደ እኛ የቀሰሩት እሳቸው ናቸው። ክፋት የለባቸውም፤ የሚያምኑትን ነው የተናገሩት። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላምታዬ ከአንገት በላይ ሆነ።

አንዱን ቆጣሪ ዘግቶ የማን ቧንቧ እንደሚደርቅ ማየት ነገሩን ባበቃው ነበር። ሳጥኑ ግን የታሸገ ነው። ማኅተሙን የነካ ይቀጣል፤ ቁልፉም ያለው በቢሮው ሠራተኛ እጅ ብቻ ነው። እኔ ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ እስካገኝ በእህቴ ፀጉር ቤት ገንዘብ ተቀባይ ነበርኩና፣ አቤቱታ መጻፉ የእኔ ድርሻ ሆነ። ቢሮው አቤቱታዬን ተቀብሎ ሰው ልከን እናጣራለን፣ ተራችሁን ጠብቁ አለን። አስታዋሹ ከላከው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደግሞ አንድ ነገር ገባኝ፤ የፈረመ ወይም «ለጊዜው» ብሎ ጥቂት የከፈለ ሰው ዕዳውን እንዳመነ ይቆጠራል። እህቴን ምንም ቢላት እንዳትፈርም አስማልኳት።

«ሊቁ፣» አለችኝ፤ እንዲህ የምትለኝ ስታሾፍብኝ ነው። «ፊርማዬንስ እይዛታለሁ። የቸገረኝ እሱ በመጣ ቁጥር ደንበኞቼ ጆሯቸውን ከካስኩ ውስጥ ማውጣታቸው ነው።»

እውነቷን ነበር። አስታዋሹ ስልኩን ትቶ በአካል መምጣት ከጀመረ ወዲህ ቤቱ የሚሞላበትን ሰዓት መምረጥ ያውቅበታል። አይጮኽም፤ አይሳደብም። በሩ ላይ ይቆምና ሁሉም እንዲሰማ በሚበቃ ድምፅ ብቻ ያስታውሳል። አንዲት የረጅም ጊዜ ደንበኛችን ከዚያ በኋላ ማዶ ካለው ፀጉር ቤት ስትወጣ አይቻታለሁ። አይታኝ ፊቷን አዞረች።

የዚያን ቅዳሜ ቤቱ ጢም ብሎ ነበር። ሁለት ሴቶች ፀጉራቸውን በቢጉዲ ተጠቅልለው ካስክ ሥር ተቀምጠዋል። መታጠቢያው አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ያለችው ትራፊኳ ነበረች፤ የሰፈራችንን አደባባይ የምታስተናግድ፣ ጮክ ብላ የምታወራ፣ ጮክ ብላም የምትስቅ ትራፊክ ፖሊስ። ማታ የሥራ ባልደረባዋ ሠርግ ስላለባት እህቴ ፀጉር ማለስለሻ ክሬም ከግንባሯ እስከ ማጅራቷ ቀብታታለች። ይህ ክሬም ቀልድ አያውቅም። ጊዜው ሲደርስ በብዙ ውሃ ታጥቦ ካልወጣ የራስን ቆዳ ያቃጥላል፤ ፀጉሩንም ከሥሩ ይበጥሰዋል።

አስታዋሹ የገባው እህቴ ጓንቷን አድርጋ ክሬሙን ለመጨረሻ ጊዜ ስታበጥር ነው። ዛሬ ብቻውን አልነበረም። በመስኮቱ ሳይ፣ የቢሮውን ሰደርያ የለበሰ መፍቻ የያዘ ሰው የብረት ሳጥኑን ከፍቶ ተንበርክኳል።

«እህቴ፣ ለማስታወስ ያህል ነው» አለ አስታዋሹ። ከቦርሳው በትንሽ ሰሌዳ ላይ የተያያዘ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣ። የመዝጊያ ትእዛዝ እንደወጣ፣ ነገር ግን ዕዳውን አምና በየወሩ ለመክፈል ከፈረመች ውሃው ሳይዘጋ እንደሚመለሱ ገለጸላት። ሁሉን ነገር የሚናገረው አዝኖላት እንደሚመክራት ሰው ነው።

እህቴ በትሕትና ለመነችው። ይህችን ሴት አጥቤ ልጨርስ፣ ከዚያ ቁጭ ብለን እንነጋገር አለችው። እኔም አቤቱታ እንዳቀረብን፣ ቢሮው እስኪያጣራ መዝጋት አግባብ እንዳልሆነ ነገርኩት። ንግግሬን እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ፤ እንደዚያ ሲያዳምጠኝ የባሰ ፈራሁ። ከዚያ በሩ ላይ ቆሞ እጁን ወደ ውጭ አወዛወዘ። ባለመፍቻው አጎነበሰ፤ ክንዱ ሲዞር ታየኝ፤ ከዚያም ቀና ብሎ በአውራ ጣቱ ምልክት ሰጠ።

«ተዘግቷል» አለ አስታዋሹ። «አንድ ፊርማ ናት የምታስከፍተው።»

ከመታጠቢያው ቧንቧ በቀር ሌላ ውሃ የለንም፤ ጣሪያችን ላይ ታንከር የለም፤ ባልዲዎቹ ጠዋት ወለል ስናጥብ ባዶ ሆነዋል። እኔ ወደ መደብሩ ሮጬ የታሸገ ውሃ ላምጣ አልኩ። እህቴ ራሷን ነቀነቀች። በጠርሙስ ውሃ ጭንቅላት ላይ ያለውን ክሬም ማነካካት ወደ ዓይን ማውረድ ነው፤ ጨርሶ እስኪጠራ በሚወርድ ውሃ ነው የሚወጣው።

«አንቺ፣» አለች ትራፊኳ፣ የወንበሩን ክንድ ጨብጣ፣ «መለብለብ ጀምሮኛል።»

«ትንሽ ብቻ ታገሺኝ የኔ እመቤት።»

«ታግሼ ነው የምነግርሽ። ፈርሚለትና ይሂድ፤ ሰኞ ትካሰሳላችሁ። ራሰ በራ ሆኜ ሠርግ ልሂድ እንዴ?»

እህቴ እኔን አየችኝ። ዓይኗ ፍቀድልኝ የሚል ነበር። እኔ ደግሞ ለሰው ቆዳ መልስ የሚሆን አንቀጽ አላውቅም። አትፈርሚ ብላት የሴትየዋን ራስ የማቃጥለው እኔ ነኝ፤ ፈርሚ ብላት ቤታችንን። አስታዋሹ እስክሪብቶውን ወደ እህቴ አቀና፤ ጓንት ያጠለቀውን እጇን አይቶ ክሬሙ ወረቀቱን እንዳይነካ ሰሌዳውን ራሱ ያዘላት።

ትራፊኳ በጥርሷ መካከል ትንፋሽ ሳበች።

እህቴ ጓንቷን አውልቃ ፈረመች።

አስታዋሹ ፊርማውን አየና ወረቀቱን አጥፎ በኮቱ የውስጥ ኪስ ከተተ። ወደ በሩ ወጥቶ «ክፈተው!» ብሎ ተጣራ። በዚያው ቅጽበት የጭነት መኪና በመንገዱ እየተንገራገጨ አለፈ። እህቴ ያን ሁሉ አልጠበቀችም። የትራፊኳን አንገት ወደ መታጠቢያው አጋድማ ቧንቧውን ከፈተች።

ውሃው ወረደ። ክሬሙ ነጭ ሆኖ ወደ ጉድጓዱ ሲሄድ ትራፊኳ ዓይኗን ጨፍና «እፎይ» አለች። እህቴ ታጥባለች። እኔ ከገንዘብ መቀበያው ጀርባ ቆሜ ወሩ ሲገባ ከየት እንደምንጀምር አስባለሁ። የልጆቹ ትምህርት ቤት ይሁን ወይስ ኪራዩ?

ባለመፍቻው እጁን በሰደርያው እየጠረገ በሩ ላይ ብቅ አለ። ጎልማሳ ነው፤ ከሴቶች ቤት መግባት አሳፍሮት ደፉ ላይ ቆመ።

«መኪናው አላሰማኝም» አለ አስታዋሹን። «ምን አልከኝ? ልክፈተው ወይስ እንደተዘጋ ይቆይ?»

ለአፍታ ማንም የገባው አልነበረም። ከዚያ ሁላችንም ቀስ በቀስ ወደ መታጠቢያው ዞርን። ውሃው በትራፊኳ ፀጉር ላይ በሙሉ ጉልበቱ ይወርዳል።

«አልከፈትከውም?» አልኩት።

«አልከፈትኩም። እስከ ጥጉ አዙሬ ነው የዘጋሁት፤ መቁጠሩንም አቁሟል።» እሱም ውሃውን አየ። «ይሄ ታዲያ ከሌላኛው ነው የሚመጣው ማለት ነው።»

ሌላኛው እኛ የምንከፍልበት ነው። «ተዘግቷል» ሲለን አመንነው እንጂ ቧንቧውን ከፍቶ የሞከረ አልነበረም።

እህቴ ማጠቧን አላቆመችም። ፊቷንም ወደ አስታዋሹ አላዞረችም። «ወረቀቱን ለወንድሜ ስጠው» አለች። እስከዚያች ሰዓት «እርስዎ» ስትለው ነበር።

አስታዋሹ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ፊርማ አንዴ ከተሰጠ እሱ ብቻውን ሊሽረው እንደማይችል፣ ስሕተት ካለ ለድርጅቱ በጽሑፍ ማመልከት እንደምንችል፣ እሱ ታዛዥ ብቻ መሆኑን አስረዳን። እጁ ግን ኮቱ ላይ ነበር፤ ኪሱን በውጭ በኩል ይጫናል። ከተሰበሰበው ላይ ድርሻ እንደሚያገኝ ያን ጊዜ ገመትኩ። ኮቱ ክርኑ ላይ ነትቦ ነበር። ያም ሆኖ ወረቀቱ በኪሱ እስካለ ድረስ ዕዳው የእኛ ነው። በሩን ለቆ ከወጣ ደግሞ መቼም አናገኘውም። ከገንዘብ መቀበያው ወጥቼ በእሱና በመንገዱ መካከል ቆምኩ። ሰው ገፍቼ አላውቅም።

«ቢሮ ስትመለስ ያየኸውን ትናገራለህ?» አልኩት ባለመፍቻውን።

ባለመፍቻው አስታዋሹን ገረመመው። «ጋሼ፣ እኔ ያየሁትን ነው የማውቀው» አለው ቀስ ብሎ። «ሲጠይቁኝ ሌላ ምን እላለሁ?»

«መንጃ ፈቃዱንም ጨምረህ ተቀበለው» አለች ትራፊኳ ዓይኗን እንደጨፈነች፣ አንድ እጇን ከፎጣው ሥር ዘርግታ።

ካስክ ሥር ካሉት አንዷ ሳቋ አመለጣት። አስታዋሹ ወረቀቱን ያወጣው ያኔ ነው፤ ለምን እንደሆነ እስካሁን በእርግጥ አላውቅም። ምናልባት ሳቁ ነው፤ ምናልባት የባለመፍቻው ቃል። ለእኔ ሳይሆን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። የእህቴ ፊርማ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። አራት አድርጌ ቀደድኩትና ከተቆረጠው ፀጉር ጋር ጣልኩት።

የጓሮው በር የተከፈተው እዚያው ቆመን ሳለን ነው። እማማ ገቡ፤ እስከ ክርናቸው የሳሙና አረፋ ነው።

«ልጆቼ፣ ውሃው እናንተም ዘንድ ጠፋ?» አሉ። ወደ መታጠቢያው ሲያዩ ንግግራቸው ተቋረጠ።

ባለመፍቻው አንገቱን ደፋ። የአስታዋሹ ፊት ግን ሲፈታ አየሁት። ከቦርሳው ስም ያልተጻፈበት ሌላ ወረቀት አወጣ፤ ድምፁ እንደገና ለስለስ አለ። «እማማ፣ ደኅና ዋሉ? ለማስታወስ ያህል ነው» ብሎ ጀመረ። ቆጣሪው የእሳቸው መሆኑ ዛሬ እንደተረጋገጠ፣ አንዲት ፊርማ ብቻ ብታርፍበት ውሃቸው አሁኑኑ እንደሚከፈት ነገራቸው። እሳቸው ባለቤታቸው በባንክ ጨርሰውታል እያሉ ይደጋግማሉ። ሰው ሲሞት የባንክ ሒሳቡ እንደሚታገድና ክፍያውም እንደሚቋረጥ የነገራቸው የለም።

እኔ ዝም አልኩ። እውነቱን ለመናገር ዝምታዬ ጣፍጦኝ ነበር። እሳቸው የላኩብን ሰው ነው፤ ይቅመሱት የሚል ነገር ውስጤ ተቀምጦ ነበር። እማማ የራሰ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ወደ እስክሪብቶው ዘረጉ።

«እማማ፣ አይፈርሙ» አለች እህቴ።

የትራፊኳን ፀጉር በፎጣ ጠቅልላ መጥታ በሁለቱ መካከል ገባች። ዕዳው ምናልባት የእሳቸው እንደሆነ አልደበቀቻቸውም። ስንት እንደሆነ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ከባንኩም ከቢሮውም ሳይጣራ ግን ማንም ሊያስፈርማቸው እንደማይገባ ነገረቻቸው። «ሰኞ ወንድሜ አብሮዎት ይሄዳል» አለች፤ እኔን ሳትጠይቅ።

ባለመፍቻው ያለ ትእዛዝ የተዘጋውን መክፈት እንደማይችል በኀፍረት ተናገረ። እህቴም አላስቸገረችውም። ባዶውን ባልዲ ከመታጠቢያው ሥር ደቅና ቧንቧውን ከፈተች። ባልዲው እስከ አፉ ሞላ።

«ሊቁ፣ አንሳ» አለችኝ።

ባልዲው ከብዶኛል፤ ውሃው ጫማዬ ላይ ይፈሳል። አስታዋሹ በጓሮው በር መንገድ ላይ ቆሞ ስለነበር ከነቦርሳው ወደ ግድግዳው ተጠጋና አሳለፈኝ። እማማ ከፊቴ እየመሩ፣ ቀስ በል ልጄ፣ ደረጃው ያንሸራትታል ይሉኛል።