የቀርፋፋው ሹፌር የፍጥነት ክስ

መጀመሪያ ክላክሱን ሰማሁት። ረጅም፣ ጠመዝማዛውን መንገድ ሁሉ እየሞላ የሚመጣ ክላክስ። መስታወት ማየት አላስፈለገኝም፤ በእኛ ወረዳ እንዲህ አድርጎ የሚያስጮህ ከኦርቪል ሌላ ታክሲ ነጂ የለም። ወደ ባሕሩ ጠርዝ ጠጋ ብዬ መንገድ ለቀቅሁለት። ነጩ ታክሲ ሰው ጠቅጥቆ፣ ሙዚቃውን ለቆ፣ ሽው ብሎ አለፈኝ። ኦርቪል አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣

"ቀብር! አስከሬኑ እንዳይሸትብህ!" ብሎኝ ሄደ።

ቀብር እኔ ነኝ። እናቴ ያወጣችልኝ ስም ሌይተን ነው፤ ግን በእኛ ሰፈር እናት ያወጣችው ስም የሚሠራው ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት ብቻ ነው። የሚስ ዩላሊን የዳቦ መኪና መንዳት ከጀመርኩ ወዲህ፣ ሬሳ የጫነ ይመስል ነው የሚነዳው ተብሎ ስሜ ቀብር ሆኖ ቀረ። እውነትም ቀስ እላለሁ። ጠዋት ጠዋት ከኋላዬ ትኩስ ዳቦ ይሸተኛል፣ በግራዬ ባሕሩ ቀለሙን ይቀያይራል፣ ከማንም ጋር ማውራት የለብኝም። ከዚህ ወዴት ልቸኩል?

ኦርቪል መታጠፊያው ላይ ሲሰወር፣ ከኮኮናት ዛፎቹ ጀርባ አንድ ፖሊስ የፍጥነት መለኪያውን እንደያዘ ዘሎ መንገዱ ላይ ወጣ። ኮርፖራል ዌደርበርን ነው፤ ከሌላ ወረዳ ተዛውሮ መምጣቱ ስለሆነ ገና ማንንም አያውቅም። እጁን ሲያነሳ በመንገዱ ላይ የነበረች ነጭ መኪና የእኔ ብቻ ናት።

"ሰማንያ ስምንት!" አለኝ፣ መለኪያውን በመስኮቴ አስገብቶ። "ሃምሳ በተባለ መንገድ ላይ! ዳቦው እሳት ይዞት ነው?"

"ኮርፖራል፣ እኔ እኮ..."

"አንተ እኮ ምን?"

እኔ አይደለሁም ልለው ነበር። ታዲያ ማን ነው? ብሎ እንደሚጠይቀኝ ሲገባኝ አፌን መልሼ ዘጋሁ። እሱ የቅጣት ወረቀቱን ጻፈ፣ እኔ ተቀበልኩ።

ዳቦ ቤቱ ስመለስ ሚስ ዩላሊ እስከ ክርናቸው ሊጥ ውስጥ ነበሩ። "አንተ አንብብልኝ፣ መነጽሬን ዱቄት በልቶታል" አሉኝ። አነበብኩላቸው። ሳቁ። እየሳቁ የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀመጡ።

"አንተ? በፍጥነት? እግዜር ይስጥህ ሌይተን፣ ለአንድ ዓመት የሚበቃ ሳቅ አሳቅኸኝ።"

ከዚያ ሳቁ ከፊታቸው ቀስ እያለ ሲወርድ አየሁት።

"ስማ ልጄ። ከከፈልክ አጥፍቻለሁ ማለትህ ነው፤ የጥፋት ነጥብ መንጃ ፈቃድህ ላይ ይመዘገባል። የኢንሹራንሱ ሰዎች ደግሞ ነጥብ ያለበት ወጣት ሹፌር አንቀበልም ብለው ጽፈውልኛል። እወድሃለሁ። ግን ቁልፉን እቀበልሃለሁ፤ ሌላ መላ የለኝም።"

"ካልከፈልኩስ?"

"በቀጠሮው ቀን ፍርድ ቤት ቆመህ አላጠፋሁም ትላለህ። ከተፈረደብህ ግን ነጥቡም አይቀርልህ፣ ቅጣቱም ይብሳል።" ሊጡን ገልብጠው በጡጫ መቱት። "ለመሆኑ ማን ነበር የፈጠነው?"

የዳቦ ሳጥኖቹን መደርደር ጀመርኩ።

"ኦርቪል ነው፣ አይደል?"

"እኔ ምንም አልወጣኝም።"

"እኔም ምንም አልሰማሁ" አሉና ወደ ሊጣቸው ተመለሱ።

በእኛ ዘንድ ከሌባ የከፋ ጠቋሚ ነው። ሌባ ታስሮ ሲፈታ እንኳን ለቤትህ አበቃህ ይባላል። ለፖሊስ የሰው ስም የሰጠ ሰው ግን፣ እሱ ቀርቶ ውሻው ሲያልፍ ሰው ፊቱን ያዞራል። አያቴ ቤት ሳድግ ከመጸለይ በፊት የተማርኩት ይህንን ነው። እንግዲህ አላጠፋሁም ካልኩ ማን ነው ሊባል ነው፤ ማን ነው ከተባልኩ ደግሞ አፌ ላይ ያለው ስም አንድ ብቻ ነው።

የዚያን ዕለት ከሰዓት ወደ ሱቁ ስወርድ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ዶሚኖ የሚጫወቱት ሁሉ ጠረጴዛውን እየደበደቡ ተነሡ።

"ጥይት መጣ! ገለል በሉ፣ ጥይት መጣ!"

"እኔ በአህያዬ እንዳልቀደምኩት፣ ዛሬ ሰማንያ ስምንት!" አሉ ማስ ዩስታስ፣ ያም የሚባለውን ሥራ ሥር ወደ ገበያ የሚያወርዱት፣ ለክብር ማስ የምንላቸው ሽማግሌ። "ቆይ፣ ቁልቁለቱን ተንከባልለህ ነው?"

የሱቁ ሻጭ ሻኒል ከባንኮኒው ጀርባ ወጥታ ቀዝቃዛ የዝንጅብል ቢራ ሰጠችኝ። ሁልጊዜ "ዳቦውን እዚያ አስቀምጠው" ከማለት ሌላ ቃል ተናግራኝ አታውቅም።

"ጥይት፣ አንድ ቀን ከተማ ትወስደኛለህ?" አለችኝ።

ልዋሽ አልችልም፣ ደስ አለኝ። ጠርሙሱን ይዤ እዚያው ስቆም ትከሻዬ የሰፋ መሰለኝ። ሰው ስሙን እንዲህ በአንድ ቀን መለወጥ ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ኦርቪል መጥቶ ክንዴን ይዞ ወደ ታክሲው ወሰደኝ። እንደ ሁልጊዜው አልሳቀም።

"ማን ነበር ብሎሃል ሰውዬው?"

"አልጠየቀም። ቢጠይቅም አልነግረውም።"

"አውቃለሁ። አውቃለሁ ወንድሜ። ግን አንዲት ነጥብ ከተጨመረችብኝ መንጃ ፈቃዴ ሄደ። ልጆቼን ታውቃቸዋለህ።" ጎማውን በጫማው ጫፍ መታ መታ አደረገው። "ቅጣቱን እኔ ልክፈልልህ። ክፈለውና ይለቅ።"

"ነጥቡንስ ማን ይሸከምልኛል? ሚስ ዩላሊ መኪናዋን ይወስዳሉ።"

ኦርቪል ወደ ዶሚኖው ጠረጴዛ ዞሮ አየና፣ "ጥይት መባሉ ግን አምሮብሃል" አለኝ። ይህን ያለው ሊያስደስተኝ ነው። እኔ ግን የዝንጅብል ቢራውን ሳልጨርስ ጠርሙሱን ታክሲው ላይ አስቀመጥኩት።

ከዚያ በኋላ ባሕሩ ዳር ስነዳ ባሕሩን ማየት ተውኩ። ከኮርፖራሉ ጋር እከራከራለሁ፣ ከዳኛ ጋር እከራከራለሁ፣ ሁልጊዜም ያቺ አንዲት ጥያቄ ጋ ስደርስ አንደበቴ ይታሰራል። ሚስ ዩላሊ መልኬን አይተው ኖሮ አንድ ጠዋት የዳቦ ሳጥን እያቀበሉኝ፣

"አንድ ነገር ልንገርህ? ማን እንደፈጠነ አንተ መናገር የለብህም። አንተ እንዳልፈጠንክ ብቻ እንናገርልህ። ቀብር መሆንህን ከኮርፖራሉ በቀር የማያውቅ ሰው የለም" አሉኝ።

"ሕዝብ ፊት ቀርፋፋ ነው ሊባልልኝ?"

"ሕዝብ ፊት። ከነአህያው ታሪክ።"

"ሻኒልም ልትመጣ?"

"አሃ!" አሉ። "በሽታው እሱ ነው ለካ!"

ሳጥኑን ጭኜ ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ሐሳባቸውን ሰምቼም ወደ መክፈሉ አዘነበልኩ። መኪናዋ ብትሄድም ጥይት የሚለው ስም ይቀርልኛል፤ ቀብር ተብሎ የዝንጅብል ቢራ የተጋበዘ ሰው አላውቅም። ቀነ ገደቡ ሊያበቃ ሲል ከተማ ወርጄ ቅጣት የሚከፈልበት መስሪያ ቤት ተሰለፍኩ። ሰልፉ ረጅም ነው፤ የጣሪያው ማራገቢያ ይንጫጫል። ከኋላዬ የቆሙ አንዲት ባልቴት ጠጋ ብለው ትከሻዬን አሸተቱ።

"ልጄ፣ ዳቦ ዳቦ ትላለህ" አሉኝ። "ተባረክ። ይህ ሰልፍ እንኳ ቤት ቤት አለኝ።"

መስኮቱ ጋ ለመድረስ ሁለት ሰው ነበር የቀረኝ። ሸሚዜን አሸተትኩት። እኔ እኮ ሽታውን ከለመድኩት ቆይቻለሁ፤ ነገ ቁልፉን ስሰጥ ግን ይሄም ይለቀኛል። ለሴትዮዋ ተራዬን ለቀቅሁላቸውና ወጣሁ።

በቀጠሮው ቀን ሚስ ዩላሊ ምድጃቸውን አጥፍተው፣ የቤተ ክርስቲያን ባርኔጣቸውን ደፍተው መጡ። ማስ ዩስታስ ከሰርግ የተረፈ ኮታቸውን ለብሰዋል። ሻኒልም መጣች። ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን በመጨረሻው አግዳሚ ጥግ፣ ቆቡን እስከ ቅንድቡ ያወረደ ኦርቪል ነው። አልጠራሁትም። ማንም አልጠራውም። ከኮርፖራሉ ዓይን ለመሸሽ ከሁለት ወፋፍራም ሴቶች መሐል ተሸጉጧል።

"ጥፋተኛ ነህ ወይስ አይደለህም?" አሉኝ ዳኛዋ።

"አይደለሁም፣ ክቡር ፍርድ ቤት።" ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ወጣ።

ኮርፖራሉ የለካውን ተናገረ። ቀጥሎ ማስ ዩስታስ ተጠሩ።

"ይህን ልጅ ያውቁታል?"

"ቀብርን? እንዴት አላውቀውም! በአህያዬ ቀድሜዋለሁ።"

"በአህያ?"

"አህያዋ ደግሞ አንድ እግሯን ታነክሳለች፣ ክብርት ሆይ።"

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ጸሐፊው ሳይቀር ፊቱን በወረቀት ሸፈነ። ጆሮዬ ጋለ። ከዚያ ሻኒል ቆመች።

"እኔ ጥይት ስለው ሰንብቻለሁ" አለች። "እውነቱን ልናገር ካልኩ ግን፣ ይህ ልጅ ጥይት ከሆነ ገና ያልተተኮሰ ነው። የቁርስ ዳቦ አዝዤው በምሳ ሰዓት ነው የሚያመጣልኝ።" ወደ እኔ ዞራ ሳቀች። ሳቋ ይወጋኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አልወጋኝም። "ግን አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም" ብላ ጨመረችና ተቀመጠች።

ዳኛዋ ከንፈራቸውን ነክሰው ጠበቁ። ዝም ሲባል፣

"ይህን ሁሉ ሰምቻለሁ" አሉ። "ነገር ግን መለኪያው ሰማንያ ስምንት ይላል፤ መለኪያ ደግሞ ሲቀልድ አላየሁም። በዚያች ሰዓት ሌላ መኪና አጠገብህ ከነበረ፣ መለኪያው ያንን ይዞ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ በነጻ አሰናብትሃለሁ። ነበረ?"

"ነበረ።"

"የማን?"

"እሱን መናገር አልችልም፣ ክቡር ፍርድ ቤት።"

"ነበረ ማለት ለማንም አይከብድም። መኖሩን ማን ያሳየኛል?"

የወረዳችን ሰው ሁሉ ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ማስ ዩስታስ ድንገት የጫማቸው ክር አሳሰባቸው። ሚስ ዩላሊ ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው አጥብቀው ያዙ። እኔም ጥርሴን ገጥሜ ቆምኩ። ቁልፉ ከእጄ ሲወጣ ይታየኛል፤ ስሙ ግን ከአፌ እንደማይወጣ አውቄያለሁ፤ ይህን ሳውቅ የሚገርም ቅለት ተሰማኝ።

ከኋላ አግዳሚው ሲጥ አለ።

ኦርቪል ቆሟል። ቆቡን አውልቆ በእጁ ይዟል፤ ደረቱ ላይ የታክሲ ነጂዎች ባጅ ተንጠልጥሏል። ኮርፖራሉ ባጁን አየ፣ ፊቱን አየ፣ በመስኮቱ ግቢው ውስጥ የቆመችውን ነጭ ታክሲ አየ፣ ከዚያ የያዘውን ወረቀት ዝቅ አደረገ። ዳኛዋ መነጽራቸውን አወለቁ።

"እርስዎ ጌታዬ፣ የሚሉት ነገር አለ?"

ኦርቪል እኔን አየኝ። ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ቆቡን ደፋ፣ በሴቶቹ ጉልበት መሐል ይቅርታ እየጠየቀ አለፈ፣ በሩን ከፈተና ወጥቶ ሄደ። ዳኛዋ የተዘጋውን በር፣ ከዚያ ኮርፖራሉን አዩና፣ "መኖሩን አሳይቶኛል፤ በነጻ ተሰናብተሃል" አሉኝ።