ከሳህኑ ጀርባ ያለው ማህተም

እትዬ ኢኒድ ሳህኑን ገለበጡት፣ ብስኩቱ እላዩ ላይ እንዳለ። ብስኩቱ ሁሉ የባንኩ ምንጣፍ ላይ ተበተነ።

እኔ ሳቄን ዋጥ አደረግኩ። የእንግሊዟ የሳህን ከተማ ስቶክ ያደገ ሰው እኮ ሳህን ካየ ማን እንደሠራው ጀርባውን ሳያይ እጁ አያርፍም። ሰርግም ላይ፣ ለቅሶም ላይ እንገለብጣለን። ግን ባዶውን ነው። እትዬን ንዴት ብስኩቱን አስረስቷቸው ነው።

ቢናደዱም አይፈረድባቸውም። የሳህን ፋብሪካው ከአያታቸው የወረሱት ነው። እኔ እዚያ ማህተም እመታለሁ፣ አባቴ ዴዝ ደግሞ ጭቃውን ሳህን የሚያደርገው እሱ ነው። ባንክ ያደረስኳቸው እኔ ነኝ፤ "ኮሪ፣ ብቻዬን ከገባሁ ሰውዬውን አንቀዋለሁ፣ ና አብረን እንግባ" ስላሉኝ ገባሁ። የእቶኑን ጋዝ የምንከፍልበት ብድር እስከ ፋሲካ እንዲራዘምልን ነበር የሄድነው። ባንኩ ዋስትና የላችሁም ብሎ እምቢ አለ። ባለፈው ጥቅምት ሊወድቅ ሲል መንግሥት በእኛው ግብር ደግፎ ያቆመው ባንክ ነው እንግዲህ።

"መንግሥት እናንተን ሲያነሳ ምን ዋስትና አምጡ አላችሁ?" አሉት ሥራ አስኪያጁን፣ አቶ ፔግን።

"እሱ ሌላ ነው፣ ወይዘሮ ተኒክሊፍ። ባንክ ከወደቀ አገር ይወድቃል።"

"እኛ ስንወድቅስ?"

"እናንተ ስትወድቁማ..." አለና ጎንበስ ብሎ ብስኩት ይለቅም ጀመር። "ያሳዝናል።"

እትዬ የሳህኑን ጀርባ ወደ እኔ አዞሩት። የኮፕስቲክ ማህተም ነው። ጎረቤታችን የነበረ ፋብሪካ፤ እቶኑ ከጠፋ ቆየ፣ በሩ ላይ ሣር በቅሏል። ሳህኑ ግን አዲስ።

"ይሄ ከየት መጣ?"

"ነጩ ሳህን ከቻይና በኮንቴይነር ይመጣል፣ እዚህ ማህተም ይመታበታል፣ ይሸጣል። ኮፕስቲኮች ቶሎ ገባቸው። እናንተም እንደዚያ ካደረጋችሁ ብድሩን ነገውኑ እፈርማለሁ። እቶን የለ፣ ጋዝ የለ፣ የሠራተኛ ጣጣ የለ። ማህተም የሚመታ አንድ ልጅ ይበቃችኋል።"

ሁለቱም ዞረው እኔን አዩኝ።

መኪና ውስጥ ገባን። መብራት ሲይዘን እትዬ "ሰዉን በትኜ ስሙን ላቆየው ወይስ ሁሉንም ልዝጋው?" አሉኝ።

"ስሙን ለማን ብለው ነው የሚያቆዩት?"

"እኔንጃ የኔ ልጅ።"

አርብ ፈረሙ። እቶኑ ጠፋ። ሲቀዘቅዝ ጡቡ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ያንን ድምፅ ሰምቼው አላውቅም ነበር፤ እኔ ከተወለድኩ ጠፍቶ አያውቅማ። አባቴ ጭቃውን ከክንዱ ታጠበና ሽርጡን ጠቅልሎ ወጣ።

ማታ ድንችና ቋሊማ እየበላን "አንተን አቆዩህ አሉ" አለኝ።

"አዎ።"

"ጥሩ ነው። ከቤት አንድ ሰው እንኳ ይትረፍ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀጥረኛል፣ ባንክ?"

ሳቅን። በልቶ ሲጨርስ ሳህኑን በዳቦ ጠረገና ገለበጠው፣ እንደ ልማዱ። ማህተሙን በአውራ ጣቱ ዳበስ ዳበስ አደረገው።

"ይሄን የሠራሁት እኔ ነኝ" አለ። "ከእንግዲህ ስገለብጥ ምኑን አምናለሁ?"

ሰኞ ጠዋት፣ ማለትም ዛሬ፣ ኮንቴይነሩ መጣ። አዲሱ ማህተም "ተኒክሊፍ፣ ስቶክ" ነው የሚለው። "የተሠራው" የምትለዋን የድሮ ማህተም ቃል አቶ ፔግ አስወጥቷታል፣ ውሸት እንዳይባል። ሳህን የሚገለብጥ ሰው ግን ስሙን አይቶ ነው የሚያምነው። አባቴም እስካሁን እንደዚያው ነበር።

የመጀመሪያው ሳህን ፊቴ በአፉ ተደፍቷል። ማህተሙን ቀለም ውስጥ ነክሬያለሁ። ካልመታሁ ቤታችን ደሞዝ የሚባል ነገር አይገባም፣ እኔ ብወጣም እስከ ምሳ ሌላ ልጅ ይቀጥራሉ። ከመታሁ ደግሞ አባቴ አንድ ቀን የሆነ ቦታ በልቶ ሲጨርስ ይገለብጠዋል።

አንተ ብትሆን ትመታው ነበር?