አፌን ጠይቁት

እሸት ባቄላ ሁለት ጊዜ ይላጣል። መጀመሪያ ከውጪው ልባስ ይፈለፈላል፤ ከተቀቀለ በኋላ ደግሞ ቀጭኑ ቆዳ ይገፈፋል። ሁለተኛውን ልጣጭ የተወ ሰው የቱንም ያህል ቢፈጨው አትክልት እየነከሩ የሚበሉት ማጥቀሻ ምላስ ላይ ይሻክራል። እናቴ ደግሞ የሻከረ ነገር አይወርድላትም።

ስትሮክ ግራ ጎኗን ከጣለው ወዲህ ጉሮሮዋ የራሱ አለቃ ሆኗል። ውሃ እንኳ ትን ይላታል። ወፈር ያለና የላመ ነገር በማንኪያ ካገኘች ግን ቀስ እያለች ትበላለች። ሐኪሙ ይህን ሲነግረን የነበርነው እኔና እሷ ብቻ ነን። ገና ከበሩ ሳንወጣ "ለነዚያ ትንፍሽ እንዳትል" አለችኝ። እነዚያ ያለቻቸው ታላቅ ወንድሜንና እህቴን ነው።

የእሁዱ የቤተሰብ ስብሰባ የተጠራው ለእሷ ነበር። ወንድሜ የአረጋውያን መጦሪያ አግኝቷል። ንጹሕ ነው፣ ግቢው ሰፊ ነው፣ አንድ አልጋም ተለቋል። አልጋው እንዴት እንደተለቀቀ ማናችንም አልጠየቅንም። እኔ ቤቷ ትቆይ፣ እኔ አለሁ አልኩ።

"አንተ? ነገ አንዱ ዩኒቨርሲቲ ቢያፏጭልህ ትበራለህ እኮ" አለኝ ወንድሜ በስልክ።

ልከራከረው አልቻልኩም። ከባሕር ማዶ ተምሬ ከተመለስኩ ጀምሮ ሻንጣዬን አራግፌ አልጨረስኩም። በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው፦ እሁድ ከሰው እኩል ገበታ ቀርባ ከበላች፣ በገዛ አፏም "እዚሁ እቆያለሁ" ካለች፣ ትቆያለች።

ማጥቀሻው የእኔ ሐሳብ ነበር። ባሕር ማዶ ተማሪ ሳለሁ ከጓደኞቼ ጋር እንግዳ ሲበዛብን የምንሠራው ነው። ሁሉም ከአንድ ጎድጓዳ ሳህን ስለሚያጠቅስ ማን ምን እንደበላ አይታወቅም። ባቄላውን ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዘይትና ከሎሚ ጋር አድርጌ ቅቤ እስኪመስል ፈጨሁት። ለእንግዶቹ ካሮትና ኪያር በጣት ልክ ቆረጥኩ። ለእሷም ካሮቱን በዚያው ልክ ቆርጬ በምላስ እስኪደቅ ቀቀልኩና በሌላ ሳህን ደረደርኩት። ከሩቅ ላየው አይለይም።

እማዬ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ተቀምጣ ታየኛለች።

"ይኼን ሁሉ ተምረህ ካሮት ታስመስላለህ?"

"ከራስሽ ሳህን ብቻ ውሰጂ፣ እሺ?"

"ጨው ጨምርበት። ሆስፒታል ሆስፒታል ይላል።"

ጭንቅላቷ ይወዛወዛል። ከታመመች ወዲህ አንገቷ ዕረፍት የለውም፤ ወደ ላይ ወደ ታች ይላል፣ ሁልጊዜ እሺ እሺ የምትል ትመስላለች። ዕቃ የሚያዞሩ ሻጮች ገዛችን ብለው በሩ ላይ መዘርገፍ ይጀምራሉ። እሷም "አንገቴ ለሁሉም እሺ ባይ ነው፤ አፌን ጠይቁት" ትላቸዋለች።

ወንድሜ ሕንፃ ተቋራጭ ነው፤ በጫማው አሸዋ ይዞ ገባ። እህቴ ፀጉር ቤቷን ለሠራተኞቿ ትታ መጣች።

"ምሁሩ! ባሕር ማዶ ድረስ ሄደህ አረንጓዴ ጭቃ ማቡካት ተምረህ መጣህ?" አለኝ ወንድሜ። "እኔ ግድግዳ የምለስነው በዚህ ነው።"

"ቅመሰውና ተናገር፣ ጋሼ።"

ቀመሰ። ደገመ። "ልስኑስ ይይዛል" አለ።

እማዬ በማንኪያ በላች። ከዚያ ከራሷ ሳህን አንድ ካሮት አንስታ አጠቀሰችና ጎረሰች፤ ወረደላት። እህቴ ዓይኗን ጠራረገች። "እማዬ፣ አምሮብሽ የለ እንዴ!" እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበሬን ተደገፍኩ።

ይኼኔ ነው ወንድሜ እጁን ወደ እማዬ ሳህን የሰደደው።

"ይኼ ምንድነው? ቅቅል ነው እንዴ! የሕፃን ምግብ ነው የምታበላት?" ከእኛ ሳህን ጥሬ ካሮት መርጦ አጠቀሰና ዘረጋላት። "ክር በጥርሷ እየበጠሰች ያሳደገችን ሴት! እንኪ እማዬ፣ አሳዪው።"

በክፋት አልነበረም። ፊቱን አይቼዋለሁ፤ እንድትነክስለት እየለመናት ነበር።

"ጋሼ፣ ተዋት" አልኩ።

"ምነው? አትችልም?"

ሁሉም እኔን አዩኝ። ትንፍሽ እንዳትል ያለችኝን አስቤ ወደ እማዬ ዞርኩ። እማዬ አየችኝ፣ ካሮቱን ተቀበለችው፣ ነከሰችው። ቀጭ አለ። እህቴ አጨበጨበች።

መንጋጋዋ አንዴ ተንቀሳቅሶ ቆመ። የታመመው ግራ ጉንጯ በጥቂቱ አበጠ።

"በሉ፣ አሁን እሷው ትናገር" አለች እህቴ ወንበሯን አስጠግታ። "እማዬ፣ ካንቺ እንስማ። እዚህ ትቆያለሽ ወይስ እዚያ ትሄጃለሽ? አልፈልግም ካልሽ ማንም አያስገድድሽም።"

እማዬ ከንፈሯን ገጥማ ቀረች። አፏን ብትከፍት ቁራጩ ወይ ገበታው ላይ ይወድቃል፣ ወይ ወደ ሳንባዋ ይወርዳል። አንገቷ እሺ እሺ ይላል። ደህናውን እጇን ስታነሳ እህቴ ያዘቻት።

"አንገቷ ልማዱ ነው" አልኩ። "ደክሟታል፣ ኋላ ትናገራለች።"

"ሲበሉ ያልደከመ ሲያወሩ ይደክማል?" አለ ወንድሜ፤ ድምፁ ግን ለስላሳ ነበር። ጎንበስ ብሎ ዓይኗን አያት። "እማዬ፣ እምቢ በይኝ። አንዲት ቃል ትበቃኛለች።"

ጠበቀ። እውነቱን ነው፣ ጠበቃት። እንባዋ ብቻ ወረደ።

"ተዋት" አለች እህቴ። "ከብዷት ነው እንጂ ተስማምታለች።" የያዘችውን እጅ ሳመች።

ወንድሜ በረንዳ ላይ ቆሞ ስልክ ደወለና አልጋው እንዲያዝ ነገራቸው። እህቴ ከማጥቀሻው ለልጆቿ በክዳን ዕቃ ቀዳች። ከዚያ ሄዱ።

በሩ እንደተዘጋ እማዬ ጎንበስ ብላ መዳፌ ላይ ተፋችው፤ የጥርሷ ምልክት ያለበት፣ ያልደቀቀ ቁራጭ። ብዙ ሳለች። ሳሉ ሲለቃት "አልሄድም" አለች። ቃሉ ጥርት ያለ ነበር።

"አሁን ነው የምትዪው?"

"ምን ላድርግ? አፌን ጠይቁት ስል ኖሬ፣ ሲጠይቁት ሥራ ይዞ ነበር።"

በረንዳ ወጥቼ ወንድሜ ጋ ደወልኩ።

"እምቢ ብላለች።"

"መቼ?"

"አሁን።"

"ታዲያ እኔ ስለምናት ምነው ዝም አለች?"

ፈርታህ ነው ብል አያምነኝም። ጥያቄው አልገባትም ብል የባሰ ነው። እውነቱን ነገርኩት። የመኪናው ሞተር ጠፋ፤ ዳር ይዞ የቆመ መሰለኝ።

"አንድ ቁራጭ ካሮት መዋጥ አቅቷት እስክንሄድ ድረስ አፏ ውስጥ ይዛ ተቀመጠች ነው የምትለኝ?"

"አዎ።"

"እኮ" አለ። ድምፁ ተሰበረ። "እኮ፣ ወንድሜ። ነገ ጠዋት መጥቼ እወስዳታለሁ።"

ስመለስ የተረፈውን ማጥቀሻ በማንኪያ እየበላች ነበር።

"ምን አለ?"

ፊቷ ቆምኩ። አንገቷ እሺ እሺ ይላል። ማንኪያዋን አስቀምጣ አየችኝ።

"ምነው" አለች፣ "አንተም ካሮት ጎረስክ?"