ካፖርት የለበሰው ቃሪያ

እትዬ አምሳለ ከተከለችው ነገር ፊት ቆሞ «አቤት ሲያምር!» ማለት ክልክል ነው። ባሏ ክፍሉ ይህን ሕግ የተማረው በቲማቲም ነው። አንድ ቀን ማለዳ ሥራ ሊሄድ ሲል በጓሮ በር ብቅ ብሎ የቲማቲሙን አበባ አየና አፉን አዳለጠው። አምሳለ እጅጌውን ይዛ መለሰችው።

«ከዓይን ያውጣው በል!»

«የራሴ ዓይን ነው እኮ።»

«ዓይን ዓይን ነው። በል!»

አለ። ክፍሉ መሀል ከተማ ዳውንታውን አንድ ፓርኪንግ ውስጥ የሰው መኪና ሲያስገባና ሲያስወጣ የሚውል ሰው ነው። ቀኑን ሙሉ ከመኪና ጋር ስለሚታገል ጠዋት ጠዋት ከሚስቱ ጋር የሚታገልበት አቅም አይተርፈውም።

የሚኖሩት ከፌርፋክስ ጎዳና ሁለት መንገድ ገባ ብሎ ካለ አሮጌ ቤት ምድር ቤት ላይ ነው። ከኋላው ሁለት አልጋ ቢዘረጋ የሚሞላ መሬት አለ። አምሳለ ይህችን መሬት አራት ዓመት ስትቆፍር መሬቷ አላስቸገረቻትም፤ ያስቸገራት ሰማዩ ነው። የዚህ የፈረንጅ አገር ሰማይ ዝናቡን የሚያወርደው በጥር ነው። በጥር! ደህና ሰው ሠርግ በሚደግስበት ወር! ሰላጣውና ጥቅል ጎመኑ ግን ነገሩ አይገርማቸውም፤ በጥር ዝናብ ደስ ብሏቸው ይንሰራፋሉ። መጋቢት ላይ ቀኑ ሲሞቅ ቲማቲም ይተከላል። ሰኔ ሲገባ ጠዋት ጠዋት ሰማዩ ይጠቁራል፣ ደመናው ጣራ ለጣራ ይሄዳል፣ አምሳለም በየዓመቱ ትታለላለች። «ክረምቱ ገባ» ብላ የውሃውን ጎማ ጠቅልላ ታስቀምጣለች። እኩለ ቀን ሳይሞላ ደመናው ብን ብሎ ይጠፋና ፀሐይዋ ፍጥጥ ትላለች። «ቀጣፊ!» ትለዋለች ሰማዩን፤ ጎማዋንም መልሳ ትዘረጋለች።

ቢሆንም ጓሮዋ ደስታዋ ነው። የቲማቲም ቅጠል ነካ አድርጋ እጇን ስታሸት ትውላለች። ካሮት ስትነቅል ሁለት እግር ያወጣ ካገኘች ለክፍሉ ሳታሳይ አትከትፈውም፤ «ያንተ ሱሪ ይሆነዋል» ትለዋለች።

የ1979 ዓመተ ምሕረት ጉድ የመጣው በቃሪያ ነው። በየካቲት፣ ከአገር ቤት ከተላከላት የማረቆ ዛላ በርበሬ ውስጥ አሥራ ሁለት ፍሬ መርጣ በባዶ የእርጎ ዕቃ ዘራች። ሦስቱ በቀሉ። አንዱን ቀንድ አውጣ በላው፣ አንዱ ላይ ድመት ተኛችበት፣ አንዱ ቀረ። ያን አንዱን መሬት አወረደችው።

ወሬውን ለኪዳነ ምሕረት ማኅበርተኞቿ ስትነግር ዘርትሁን ሳቀች። ዘርትሁን ፓልምስ ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች፤ ምላሷ ግን የትም ይደርሳል።

«ዛላ በርበሬ አይበቅልም፣ እት አምሳለ። በፀሐይ ደርቆ የሞተ ነገር ነው። አንቺ የምትኮተኩቺው አረም ነው።»

አምሳለ ደሟ ፈላ። «ለነሐሴ ኪዳነ ምሕረት ተራው የኔ አይደል? ከዚሁ ከአረሙ የተቀነጠሰ ቃሪያ ስንግ አድርጌ አበላሻለሁ!» አለች፣ አሥራ አራት ሰው እየሰማ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ በሳምንቱ ከከተማው ዳር ቶራንስ ድረስ ሰው ሁሉ ስለ አምሳለ ቃሪያ ያወራ ነበር።

አጥሩ ማዶ ሚስስ ፐርል የምትባል ሰማንያ ያለፋት ባልቴት አለች። ሁለቱ ሴቶች በቋንቋ አይግባቡም፤ እጅ መነሳሳት ብቻ ነው። ሰኔ ሊያልቅ ሲል አምሳለ በወጥ ቤቷ መስኮት ስታይ፣ ሚስስ ፐርል ወደ ሽቦው አጥር ተጠጋች፣ ቃሪያውን ትክ ብላ አየች፣ ከዚያም ወደ ቃሪያው ዞራ ትፍ፣ ትፍ፣ ትፍ! ሄደች። በማግስቱም መጣች፤ ደግሞ ሦስት ጊዜ ተፋች።

«ሰላቢ ናት!» አለች አምሳለ፣ ክፍሉ ገና ጫማውን ሳያወልቅ።

«አሮጊት ናት እኮ፤ ሳል ይሆናል።»

«ሳል በቁጥር ነው እንዴ የሚመጣው?»

ሦስተኛው ቀን ሐሩር ሆነ። እኩለ ቀን ላይ ያ ቃሪያ ቅጠሉን ጥሎ ተልፈሰፈሰ። ሐሩር ሲሆን የአገሩ ተክል ሁሉ ይልፈሰፈሳል፤ አምሳለ ግን ሌላውን አላየችም። ሮጣ የክፍሉን ጥቁር ካፖርት ከቁም ሳጥን አወጣች። ከአዲስ አበባ ይዞት የመጣ፣ እዚህ አገር አንድ ቀን እንኳ ያልለበሰው ካፖርት ነው። ሦስት እንጨት ተክላ ቃሪያውን አለበሰችው፣ እስከ አንገቱም ቆለፈችለት። «በል እንግዲህ ትይህ!» አለችው።

በሳምንቱ ገልጣ ስታይ ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል፣ አበባውም ረግፏል። ፀሐይ ያጣ ነገር ሌላ ምን ይሆናል? አምሳለ ግን ክፍሉን «አላልኩህም! በካፖርት ውስጥ እንኳ አልፎ የሚገባ ዓይን ነው!» ብላ በላዩ ላይ ብርድ ልብስ ደረበችበት።

በዚያው ሰሞን ዘርትሁን ደወለች።

«አረሙ እንዴት ሆነልሽ?»

«ተመስገን፤ ፍሬ በፍሬ ሆኖ ሸክሙን አልቻለም» አለች አምሳለ። ስልኩን ዘግታ ወንበር ላይ ዘፍ አለች። ማኅበሩ ሊደርስ አንድ ወር ከሳምንት ቀርቶታል፣ ሸክሙን ያልቻለው ደግሞ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ሊሞት እያጣጣረ ነው። አለቀሰች፤ እውነተኛ ለቅሶ።

ቅዳሜ ክፍሉ ዕረፍት ስለሆነ እንደ አስተርጓሚ አስነስታ ጓሮ አቆመችው። ሚስስ ፐርል በሰዓቷ መጣች፣ ብርድ ልብሱን አየች፣ ተፋች።

«ጠይቃት!» ጮኸች አምሳለ። «ምን በደልኳት? ምን አደረኳት በላት!»

ክፍሉ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ሶሪ ሚስስ ፐርል፣ ማይ ዋይፍ...» ብሎ ጀመረና እንደምንም አስረዳ። ባልቴቷ ዓይኗ ፈጠጠ። ከዚያ ብዙ ተናገረች፣ ደረቷን መታች፣ ወደ ሰማይ አመለከተች። ክፍሉ መጀመሪያ አንገቱን ነቀነቀ፣ ቀጥሎ ፊቱ ተጣመመ፣ በመጨረሻ አጥሩን ይዞ ይስቅ ጀመር።

«ተናገር እንጂ!»

«ሶ... ዓይን እንዳይበላው ነው የምተፋው ነው የምትለው። እናቷ ያማረ ነገር ስታይ ሦስቴ ትተፋ ነበር አሉ። ያማረ ነገር አይቼ ዝም ብዬ ባልፍ ይሞታል ትላለች። ይሄን ተክል ወድጄዋለሁ፤ ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው ትላለች።» ዕንባውን ጠረገ። «አንድ ጥያቄም አላት። በዚህ ሙቀት ካፖርት ያለበስሽው ምን አሞት ነው?»

ነገሩ ለአምሳለ ያን ጊዜ ገባት። ትልቅ ሰው እትፍ እትፍ ብሎ ሲመርቅ ራሷን ጎንበስ አድርጋ ያደገች ሴት፣ የእህቷን ልጆች እትፍ ብላ የመረቀች ሴት፣ ምርቃቱን በፈረንጅ አፍ ስታየው እርግማን መሰላት! አፈረች፤ ልቧ ድረስ አፈረች። ብርድ ልብሱንም ካፖርቱንም ገፈፈች። ከዚያ የምትሰጠው ቢጠፋት አራት ቲማቲም ቀንጥሳ በአጥሩ ላይ አቀበለቻት።

ቃሪያው ፀሐይ ሲያገኝ ነፍስ ዘራ። አረንጓዴ ቅጠል አወጣ፣ ሦስት አበባ አበበ፣ ከሦስቱ አንዱ ያዘ። ነሐሴ አሥራ ስድስት ሲደርስ፣ ለአሥራ አራት ሰው፣ አንድ ቃሪያ!

«ኖ ፕሮብሌም» አለ ክፍሉ። «ከማርኬት ሁለት ፓውንድ እናመጣለን። ማን ያውቃል?»

«አንዱንስ ቀጥፌ ለዘርትሁን ባቀርብላት?»

«ቅጠፊዋ!»

«ቆይ፣ ግን አረንጓዴውን ከቀጠፍኩት ፍሬው አይበቅልም። መቅላት አለበት። ዘሩ እሱ ብቻ ነው እኮ፣ ክፍሉ።»

ስለዚህ የማርኬቱ መጣ። አምሳለ ሰንጥቃ ሽንኩርት ሞላችበት፣ በትሪ ደረደረችው። ማኅበርተኛው ጸሎት አድርሶ ጽዋው ከዞረ በኋላ ቃሪያው ቀረበ። አንዷ ገና ስትገምጥ «ወይ ማረቆ! ይሄ ነው እንጂ!» አለች። ሌላዋ «እጅሽ ይባረክ» አለች። ዘርትሁን ብቻ ቃሪያዋን በጣቷ ይዛ አገላብጣ ታያለች። ነገሩ እዚያው ላይ አልቆ ነበር፤ አምሳለ ዝም ብትል አሸንፋለች። ግን ጽዋው ገና ከፊቷ ነው፣ ዕለቱ ኪዳነ ምሕረት ነው፣ ሙገሳው ደግሞ እንደ ትኩስ ድንች አፏ ውስጥ አቃጠላት።

«የማርኬት ነው» አለች።

ክፍሉ ጣራ ጣራውን አየ።

«የኔ አንድ ብቻ ነው ያፈራው። እሱንም አልቀጥፈውም፤ ለዘር ነው። ፍሬ በፍሬ ነው ያልኩት ውሸት ነው።» ከዚያ ወደ ዘርትሁን ዞረች። «በይ፣ ሳቂ።»

ዘርትሁን አልሳቀችም። ነጠላዋን ሰብስባ ተነሳች። «አሳዪኝ» አለች።

ሁለቱ ብቻቸውን ጓሮ ወጡ። ዘርትሁን በጉልበቷ ተንበርክካ ቅጠሉን በጣቷ ገለጥ አድርጋ ቃሪያውን አየችው። አምሳለ ከላይ ቆማ ስድቡን ትጠብቃለች።

«ሲቀላ ስንት ፍሬ ይወጣዋል?» አለች ዘርትሁን ቀና ሳትል።

«ሃምሳም ስልሳም።»

«አምስቱን ለኔ አስቀምጪልኝ።»

«አይበቅልም አላልሽም ነበር?»

«ሦስት ዓመት ሙሉ ዘርቼ ነው አይበቅልም ያልኩሽ። በረንዳ ላይ ዘራሁ፣ መስኮት ላይ ዘራሁ፣ በድስት ሁሉ ዘራሁ። አንድ እንኳ ብቅ አላለልኝም።» ቅጠሉን ወደ ቦታው መለሰችው። «የኔ በቀለ ስትይ ተናደድኩ።»

«ታዲያ ያን ጊዜ አትነግሪኝም?»

«አንቺ ብትሆኚ ትናገሪ ነበር?»

አምሳለ አሰበች። በስልክ ያለችውን ሁሉ አሰበች።

«አልናገርም» አለች፤ እጇንም ዘርግታ ከመሬት አነሳቻት። «አሥር እሰጥሻለሁ።»