እየፈራች የወጣችው

«ነፍሷን ይማርና እኅቴ በርጋጊ ነበረች» አለ ጉግሳ። «ነፋስ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳው እንኳ "ማነው?" የምትል!»

ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጡት ለቀስተኞች ፈገግ አሉ። ሰርካዲስም ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች በእንባዋ መሀል ፈገግ አለች። አጎቷ አልዋሸም። እናቷ፣ ወይዘሮ ተሻለች፣ የደቻቱን ወንዝ አሸዋ ብቻዋን ተሻግራ አታውቅም። የወታደር መኪና ስትሰማ መስኮቱን ዘግታ ታማትብ ነበር።

ግንብ የምትጋራቸው ጎረቤታቸው ቱሪያ የያዘችውን የሆጃ፣ የቡና ቅጠል ሻይ፣ ቴርሞስ መሬት አስቀመጠች።

«ተው አቦ ጉግሳ! ተሹን ፈሪ አትበላት።»

«እማማ ቱሪያ፣ ለጨዋታ እኮ ነው» አለች ሰርካዲስ።

«አውቃለሁ ልጄ። አንቺ ግን አታውቂም። ያኔ ሐረር ለትምህርት ሄደሽ ነበር።»

የቀበሌው ጥበቃ ድንኳኑ አፍ ላይ ተቀምጧል። አንዷ ሴት ቱሪያን በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። «ቀስ በይ፣ ይሰማሻል።»

«ይስማ! ወላሂ፣ ያን ሁሉ ዓመት አፌን ይዤ ነው ያለቀስኩት።»

በቀይ ሽብር ጊዜ ነው። ባቡር ጋራዥ ሙያ ይማር የነበረው የቱሪያ ልጅ ሲያድ ተወሰደ፤ በኋላም እዚያው ከዚራ በሚባለው ሰፈራቸው፣ ከቤታቸው ትይዩ አስፋልቱ ዳር ካለው ዛፍ ሥር ተጥሎ ተገኘ። ሬሳውን ያነሳ፣ ያለቀሰም ይረሸናል ተባለ። ሰፈሩ በሩን ዘጋ። ቱሪያ ሻሿን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ስትንፈራገጥ ተሻለች አቅፋ ይዛት ነበር።

«ትንቀጠቀጥ ነበር፤ ጉልበቷ ከጉልበቴ ይጋጫል» አለች ቱሪያ። «ከዚያ ተነሣች። አማተበችና "ጌታዬ፣ እኔ አልችልም፤ አንተ ቅደም፣ እኔ ከኋላህ እመጣለሁ" አለች። ከአልጋዋ ላይ አንሶላውን ገፍፋ ወጣች። እኔ በበሩ ስንጥቅ አያለሁ።»

ሬሳውን የሚጠብቀው ዘብ ጠመንጃውን አቀባበለ። «እናቴ፣ ተመለሺ! ትእዛዝ ነው!»

«እየፈራሁ ነው የመጣሁት፣ ልጄ» አለችው ተሻለች። «ያመጣኝ ግን አይፈራም።»

የሲያድን ዓይኖች ከደነች፤ አንሶላውን አለበሰችውና አጠገቡ ቁጭ አለች። ጥርሷ ይንገጫገጫል፤ ግን ንቅንቅ አላለችም። ዘቡ ቆይቶ ቆይቶ ፊቱን አዞረ። ጋሪ ነጂው ዑመር ይህን ሲያይ ደፍሮ መጣ፤ ጭነውም ወደ እስላሙ መቃብር ወሰዱት።

«ልጄ በወጉ ተቀበረ። እሷን ግን በማግሥቱ አሠሯት። ጸጉሯን ላጭተው ለቀቋት።»

ሰርካዲስ የዚያን ዓመት ለፋሲካ ስትመጣ እናቷ ተላጭታ ጠብቃት፣ «ወባ ይዞኝ ነው» ብላት ነበር።

«ለምን አልነገረችኝም?»

«"ልጄ በእኔ የተነሣ በሥጋት እንዳትኖር" ትለኝ ነበር። "ደግሞስ እኔ መቼ ደፈርኩና? የደፈረው እሱ ነው" ትላለች።»

ሰው ሁሉ ወደ ጥበቃው ዞረ። ጥበቃው መሬት መሬት ያያል። ጉግሳ ብድግ አለ።

«እኅቴ! ጀግናዬ!» ብሎ ደረቱን መታ። ሴቶቹ ተቀበሉት። ያን ቀን የተለቀሰው ለተሻለች ብቻ አልነበረም፤ የሲያድም ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ተብሎ ተጠራ።

ሰርካዲስ አንገቷን ቀና አደረገች። ከዚያ ፍራሹ ላይ ፈቀቅ ብላ ከጎኗ ያለውን፣ የሥጋ ዘመድ የሚቀመጥበትን ቦታ በመዳፏ ጠረግ ጠረግ አደረገችና ቱሪያን በእጇ ስባ አስቀመጠቻት።